ዘመድ የማይመዘገብበት ቤት

ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል ነበር። ከመሳለሚያ ወርጄ የጭቃውን ዳር ዳር እየረገጥኩ ሥራ ቦታዬ ስደርስ፣ የመጋዘኑ የብረት በር ተዘግቶ ሠራተኞቹ ሁሉ ደጅ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ያ በር ተዘግቶ አይቼ አላውቅም። አለልኝ የሚባለው የመጋዘን ሠራተኛ ከሰዎቹ መሀል ወጥቶ ወደ እኔ መጣና ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሼ ሙዘይን አረፉ» አለኝ። «ሱብሒ ሰግደው እንደተቀመጡ ነው አሉ። ሐጂ ሱሩርም እዚያው ለቅሶው ቤት ሄደዋል።»

ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልችል ደረጃውን ወጥቼ ቢሮዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይል አለ፤ መቼ እንደተቀጠረ፣ ደመወዙ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩ። አብዛኞቹን ፋይሎች እንድከፍት ያደረጉኝ ጋሼ ሙዘይን ናቸው። የራሳቸው ፋይል ግን የለም። ያን ጠዋት ከሐዘኑም ቀድሞ የመጣብኝ ሐሳብ ይኸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሉባባና ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሐያት ከእንግዲህ በምን ይኖራሉ?

ድርጅታችን ብርድ ልብስና አንሶላ እያስመጣ በጅምላ የሚሸጥ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ሱሩር ናቸው። ጋሼ ሙዘይን የአጎታቸው ልጅ ሲሆኑ የመጋዘኑም ኃላፊ ነበሩ። በአካውንቲንግ ተመርቄ እዚህ ስቀጠር፣ ሥራዬ የደመወዝና የሠራተኛ መዝገብ መያዝ፣ በየወሩ የጡረታ መዋጮ ማስገባት፣ አዲስ ሰው ሲገባ፣ አንዱ ሲለቅ፣ ሲያገባ፣ ሲወልድ ወይም ሲሞት ደግሞ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ እንደሆነ ተነገረኝ። በወረቀት ሲያዩት ቀላል ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ፣ የሚቀጠረው በሰላምታ፣ የሚሰናበተውም በስልክ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ማናገር የሚከብደኝ ልጅ ነኝ። መጋዘን ገብቶ አንዱን ላቡ የሚንጠባጠብ ሰው «የአያትህ ስም ማን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስደምር ብውል ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ሙዘይን ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አወቁብኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ትንሽ ያዘነበለ ሰው ነበሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም፤ ሲደክማቸው የታሸገ የብርድ ልብስ ቦንዳ ላይ ዐረፍ ይሉና አንድ ጉልበታቸውን አቅፈው ያወራሉ። ከመጋዘን የሚወጣውን ቦንዳ ሁሉ፣ ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚሸኝ አባት፣ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ለምን እንደሚያደርጉት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «እኔ እንጃ፤ ባዶ እጄን ከምሸኘው ብዬ» አሉኝ።

ያን ሳምንት አለልኝን የእጅ አንጓውን ይዘው ደረጃውን አስወጡት። ሥራ ከገባ ወራት አልፎታል፤ ፋይል ግን የለውም።

«ትዕግሥት፣ ይኸን ሰው ጻፊው» አሉኝ።

«ስም?» አልኩ ወደ ወረቀቱ አቀርቅሬ።

«ጎጃሜው ይሉኛል።»

«የሚሉህን አልጠየቀችህም» አሉ ጋሼ። «እናትህ ያወጣችልህን ተናገር።»

«አለልኝ።»

የአባቱን ስም ነገረኝ። የአያቱን ስጠይቀው ሳቀ። «አያቴን ደግሞ ምን ያደርጉለታል? ከሞተ ስንት ዘመኑ።»

«አንተ ስትሞት እንዳትጠፋ ነዋ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መርካቶ ውስጥ ሰው ሲጠፋ የሚያውቀው ይፈልገዋል። የሚያውቀው ሲያጣ ደግሞ ወረቀት ይፈልገው። አንቺ ወረቀቷ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ እኔ ወደ መጋዘኑ አልወረድኩም፤ እሳቸው ናቸው ሰዎቹን እያመጡ ፊቴ የሚያቆሟቸው። አለልኝ አባት ሲሆን የጻፍኩት ሕፃኑ ገና ስም ሳይወጣለት ነው። «ስሙን ነገ እነግርሻለሁ» ብሎ ሲወጣ ጋሼ ከደረጃው መለሱት። «ነገ አንተ ትረሳለህ፣ እሷ ለመጠየቅ ታፍራለች። አሁን ደውልና ጠይቅ» አሉት። ደውሎ ከሚስቱ ጋር በስልክ ተከራክሮ ስም አወጡለት።

የደመወዝ ቀን ደግሞ ሌላ ነበር። የጡረታ መዋጮ መቆረጥ የጀመረባቸው ሠራተኞች ደረጃው ሥር ተሰብስበው ያጉረመርማሉ። እኔ ድምፄ አይወጣም። ጋሼ ቦንዳቸው ላይ ሆነው ይመልሱላቸዋል።

«ጋሼ፣ ይቺ የምትቆረጠው ምንድን ናት?» አለ አለልኝ አንዴ።

«ጡረታ ናት።»

«ጡረታ እስክወጣ ማን ይኖራል? ቦንዳ ተሸክሞ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው አይተዋል?»

«አንተማ አትደርስም። አበላልህን አይቸዋለሁ» አሉ። «ሚስትህ ግን ትደርሳለች።»

ሰው ሳቀ። አለልኝ አልተሸነፈም። «ታዲያ ለቀጣዩ ባሏ ነው የማጠራቅመው?»

«ሳታረጅ ካገባችማ ሕጉ አበሉን ያቋርጥባታል። ካንተ የባሰ ቀናተኛ ነው።»

ሳቁ ሲበርድ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሠራተኛው ከሚቆረጠው ይልቅ ድርጅቱ የሚጨምረው እንደሚበልጥ፣ የዚያን ደረሰኝም ማየት መብታቸው እንደሆነ ነገሯቸው። «ሐጂ ቢረሳ እኔን ጠይቁኝ፤ እኔ ብረሳ ይቺን ልጅ ጠይቋት» አሉ። እንዲህ ሲሉ ወደ እኔ እጃቸውን ስለዘረጉ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

ሐጂን «አንተ» የሚላቸው ሰው በድርጅቱ ውስጥ ጋሼ ብቻ ነበሩ። አንድ የክረምት መግቢያ ላይ፣ ብርድ ልብስ በሚፈለግበት ሰሞን፣ ብዙ አዳዲስ ሰዎች ተቀጠሩ። ሐጂ ገበያው እስኪያልፍ ሳይመዘገቡ እንዲቆዩ ፈለጉ። እኔ የአዲሶቹን ሰዎች ቅጽ ለማስፈረም ገብቼ ሁለቱ ሲነጋገሩ ደረስኩ።

«ዛሬ ገብተው ነገ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ሙዘይን» ይላሉ ሐጂ። «እነሱን መመዝገብ ምን ያደርጋል?»

«ነገ የሚሄዱ ከሆነ ነገ መሄዳቸውን ታሳውቃለህ። ዛሬ ግን ገብተዋል።»

«ሕጉ አንተን ምን አገባህ? ለእኔ ነው የተጻፈው።»

ጋሼ የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልጣሉትም፤ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «ሕጉማ ላንተ ነው። በደሉ ግን የሁለታችን ነው፤ ጀርባቸው ላይ ቦንዳውን የምጭነው እኔ ነኝ» አሉ። «ወይ ይጻፉ፣ ወይ ቁልፍህን ያዝ።»

ሐጂ ቁልፉን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ የያዝኩትን ወረቀት ተቀብለው መፈረም ጀመሩ። ሲጨርሱ ሐጂ «ምሳ በልተሃል?» አሏቸው፤ ጋሼም ቁልፋቸውን አንስተው አብረው ወጡ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ያልተመዘገቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ቤት ዘመድ ከገጠር ይመጣል፤ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ንግዱን ይማራል፤ ሲበስል ሱቅ ይከፈትለታል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም። ተቀጣሪ ማለት ለእሱ ስድብ ነው፤ ባዕድ ነህ እንደማለት ነው። ጋሼ ሱቅ ሊከፈትላቸው ሲል እንቢ ብለው ከሐጂ ጋር የቀሩ ናቸው። በየወሩ መጨረሻ ሐጂ ከኪሳቸው ፖስታ ያወጣሉ፤ ጋሼ ሳይከፍቱት ወደ ኪሳቸው ይከቱታል። በሒሳብ መዝገባችን ላይ ያ ገንዘብ የሐጂ የግል ወጪ ተብሎ ይጻፋል። ከጋሼ ሌላ ሱቅና መጋዘን የሚሠሩ አራት ወጣት ዘመዶችም በዚሁ ሥርዓት ነው ያሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩትን ነገር ይዤ መጋዘን ወረድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አልተመዘገቡም» አልኳቸው።

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸውና ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ?»

ከቦንዳቸው ወርደው ፊቴ ቆሙ።

«ከሱሩር ጋር በአንድ የጭነት መኪና ላይ ነው ከአገር የመጣነው። አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ሁለታችን አንድ ብርድ ልብስ ነበረን። ሸማ ተራ በረንዳ ላይ እሷኑ ለብሰን አደርን። ጠዋት ያቺን ብርድ ልብስ ሸጥናት፤ ይህ ቤት የተጀመረው በእሷ ነው። አሁን እሱ ቀጣሪ፣ እኔ ተቀጣሪ ተብለን ወረቀት ላይ ልንጻፍ?»

«ወረቀቱ ዝምድናችሁን አይፍቅም፣ ጋሼ።»

«ይፍቃል» አሉ። «አንቺ ስለማታውቂው ነው። እሱ ጌታ፣ እኔ አሽከር የተባልን ቀን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እሱስ በምን ዓይኑ ያየኛል?»

ወደ ሐጂ ሄድኩ። ማሳወቅ የቀጣሪው ግዴታ እንደሆነ፣ የሠራተኛው ፈቃድ እንደማይጠየቅበት ነገርኳቸው። ምናልባት በጣም ቀስ ብዬ ነግሬያቸው ይሆናል፤ ግን ሰምተውኛል። ሐጂ ደነገጡ። «ሙዘይንን ተቀጣሪዬ ነው ብለሽ ልትጽፊ? በአላህ፣ ፊቱ እንዳትይው። ይቀየመኛል» አሉኝ።

እንዲህ ሆነው ነው የቀሩት። አንዱ ሌላውን እንዳያስቀይም ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ሕግ ተምሬ የመጣሁ ባልሆንም የሕጉን አንቀጽ አውቃለሁ፤ ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር የሚሆን አንቀጽ ግን አላገኘሁለትም።

ረመዷን ሊገባ ሲል ጋሼ ቢሮዬ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ብቻቸውን ሲመጡ ያ የመጀመሪያው ነው።

«አንድ ሰው ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ሳይመዘገብ የሞተ ሠራተኛ፣ ሚስቱ ምን ታገኛለች?»

«ቀጣሪው ቀርቦ ካላስታወቀ ከባድ ነው» አልኳቸው። «ቀጣሪው እሺ ካለና ያላስገባውን መዋጮ ከነቅጣቱ ከከፈለ ግን የሚታይ ይመስለኛል። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም።»

«አይደለም?»

«አይደለም፣ ጋሼ። የማሳወቅ ግዴታው የቀጣሪው ነው።»

አውራ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ሲያስቡ እንዲህ ያደርጋሉ። «እንግዲያው ሰውየው ቀጣሪውን ዕዳ ውስጥ ነው የሚከተው፣ እየወደደው» አሉ። ከዚያ «ከረመዷን በኋላ እንነጋገራለን» ብለውኝ ወረዱ። ረመዷን አለፈ፤ ዒድ አለፈ። እሳቸው አላነሱትም፤ አንድ ሁለቴ ሳነሳባቸው «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ወሬ ቀየሩ። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሰኞ ማታ ሲሸኙኝ ያሉኝ ነገር ቢኖር ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ ቶሎ እንድሄድ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ቤታቸው ከመሳለሚያ ገባ ብሎ ነው፤ ድንኳኑ ጠባቡን መንገድ ሞልቶት ነበር። ጀናዛው ሲወጣ አለልኝና የመጋዘን ልጆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እየተቀባበሉ ተሸከሟቸው። አለልኝ ትከሻውን ለሌላ እንቢ ብሎ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሲሄድ አየሁት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ቀረሁ። እትዬ ሉባባ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም። ሐያት ጭናቸው ላይ ራሷን አድርጋለች።

አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ ነሽ አይደል የምትጽፊው?» አሉኝ። «ሙዘይን ይነግረኝ ነበር። የሰውን ሁሉ አስጻፍኩ ይለኛል። የራሱንስ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «የእሳቸው የለም፣ እትዬ።»

እጄን አለቀቁም። ፊታቸውም አልተለወጠም። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

ከቀብር መልስ ሐጂ ሱሩር ወደ ሴቶቹ ክፍል በር መጡ። በልጃቸው በአንዋር ትከሻ ላይ ተደግፈዋል። ሰኞ ከነበሩት ይልቅ ያረጁ መሰለኝ።

«ሉባባ፣ አይዞሽ» አሉ። «እኔ እያለሁ አንቺም ልጅሽም አትቸገሩም።»

«አላህ ያቆይልን፣ ሐጂ» አሉ እትዬ ሉባባ። «እርስዎ እያሉማ አልፈራም።»

«እርስዎ እያሉ» የሚለውን ረገጥ አድርገው ነው ያሉት። ሐጂ የልጃቸውን ትከሻ እንደያዙ ቆሙ። አንዋር ድርጅቱን ሊረከብ የተዘጋጀ፣ ትሑት፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነው፤ እትዬ ሉባባን ግን በዒድ ካልሆነ አያያቸውም፤ የሐያትንም ስም መያዙን እንጃ። ሐጂ ይህን በዚያች ቅጽበት ያዩ መሰለኝ። ዓይናቸው በክፍሉ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ» አሉኝ።

ድንኳኑ ጀርባ፣ የውኃ በርሜሉ አጠገብ ቆምን። ሐጂ፣ አንዋርና እኔ።

«የሙዘይን ወረቀት አለ?»

«የለም፣ ሐጂ።»

«አሁን ይጻፋል?»

«ድርጅቱ ሠራተኛችን ነበሩ ብሎ በደብዳቤ ካሳወቀ፣ ማመልከት እንችላለን። ይቀበሉን አይቀበሉን ግን አላውቅም።»

«ተቀጣሪዬ ነበር ብዬ ነው የምፈርመው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ወንድሜን ቀብሬ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ተቀጣሪዬ ነበር ልበል?» እጃቸውን የበርሜሉ አፍ ላይ አሳረፉ። «በሕይወት እያለ ያላልኩትን?»

አንዋር ጠጋ አለ። «አባዬ፣ ዛሬ ይቅር። ነገሩም ቀላል አይደለም። እስከ ዛሬ ያላስገባነውን መዋጮ ከነቅጣቱ ይጠይቁናል። የእሳቸውን ስናሳውቅ የሌሎቹም ዘመዶች ይወጣል። ለምን እኛው አንደግፋቸውም? ይህን ያህል ሰው መርዳት አያቅተንም።»

«አንተ ትረዳቸዋለህ?» አሉት ሐጂ።

«እንዴታ፣ አባዬ።»

«ልጇን ስሟን ጥራ።»

አንዋር ወደ ድንኳኑ ዞሮ አየ። ሊያዋርዱት አልነበረም፤ ሐጂ እውነት መልሱን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እሱም ሲያፍር አየሁት፤ ስለእሱ አዘንኩ።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። «ሐጂ፣ ቅጹ ወንድም ነበሩ ወይ ብሎ አይጠይቅም» አልኩ። «ሊፍቀውም አይችልም፤ ስለማያውቀው። የሚጠይቀው ከመቼ ጀምሮ እንደሠሩ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሠሩ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚመሰክር የለም።»

እንዲህ ረጅም ነገር ተናግሬያቸው አላውቅም። ከድንኳኑ የቁርአን ድምፅ ይመጣል።

«ሌሎቹን አራቱን ጠዋት ቢሮዋ ላካቸው» አሉ በመጨረሻ፣ ለአንዋር። ለእኔ ደግሞ «ደብዳቤውን አዘጋጂ፤ እኔም እመጣለሁ» አሉኝ። አንዋር ቢያንስ ሦስቱ ቀን ይለፍ ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስንባባል ነው እሱ የሞተው» አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዬ ስደርስ አራቱ ወጣቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተራ በተራ ጻፍኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ማንም እጃቸውን ይዞ አላመጣልኝም። አንደኛው «አጎቴ ሐጂ ተቀይመውን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አይደለም አልኩት፤ ያመነኝ አይመስለኝም። ሐጂ ዘግይተው መጡ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው፤ ሟች አቶ ሙዘይን የድርጅታችን ሠራተኛ ሆነው የመጋዘን ኃላፊ በመሆን ማገልገላቸውን እናሳውቃለን ይላል።

ሰምተው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ያዙና ሳይፈርሙ ቆዩ።

«ወንድሜ የሚለው የት ይገባል?»

«አይገባም፣ ሐጂ።»

«ምንም ቦታ?»

«ምንም ቦታ።»

ፈረሙ። ማኅተሙን ራሳቸው መቱት፤ ትንሽ ተዛንፏል። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጡኝ። እኔም ወረቀቶቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሰው ሞልቶት ነበር። ተራዬ ሲደርስ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ሰው ደብዳቤውን አንብቦ እንደገና ከላይ ጀመረ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሠርተው እንዴት አላሳወቃችሁም?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሲያዳምጡ ይታወቀኛል። እንደ ወትሮው ወደ ወረቀቱ ላቀረቅር ነበር፤ አላቀረቀርኩም።

«ዘመድ ስለነበሩ ነው» አልኩት።

ሰውየው አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ደብዳቤውን ወደ ራሱ ስቦ ዳሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈበት። ቅጣቱ እንደማይቀር፣ ማስረጃው ታይቶ መልስ እስኪሰጥም ጊዜ እንደሚፈጅ ነገረኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በእጄ የቀሩትን አራት ቅጾች አየ።

«እነዚህስ?»

«እነሱም ዘመዶች ናቸው» አልኩና ቅጾቹን በመስኮቱ አቀበልኩት። «በሕይወት አሉ።»